በአምስት በር የሚገባ እሳት

የሐረር ትዝታ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው የታወቀ ነው፤ የሉባኑ ሽታ፣ ግድግዳውን የሞላው ስፌት፣ ቀይ የተቀባው መደብ፣ የሌሊቱ ጅብ። ቡናውን ያፈላው፣ ሉባኑንም ያጨሰው እሳት ግን በወጉ ውስጥ ስሙ አይነሳም። ይህ ብዙም አያስገርምም። በድሮው የሐረሪ ቤት እሳት የዋናው ቤት ነዋሪ አልነበረም። እንግዳ ነደባ በሚባለው መደብ ላይ እንደየማዕረጉ ይቀመጣል፤ ምግቡ የሚበስለው ግን በግቢው ውስጥ ለብቻው በተሠራ ማድ ቤት ነው፤ ወደ ዋናው ቤት የሚገባው ተቆንጥሮ የመጣ ፍም ብቻ ነው። ትዝታም እንደዚያ እንግዳ ነው፤ ነደባው ላይ ተደላድሎ የቀረበለትን ይቀምሳል እንጂ ማድ ቤቱን አያይም። እኔ ግን የአንድ ከተማ ያለፈ ዘመን ከሳሎኑ ይልቅ በማገዶው በደንብ ይነበባል ባይ ነኝ። ዛሬ ጭስ አልባ ምድጃ፣ የታመቀ እንክብል ማገዶ፣ ዘመናዊ የቤት እሳት እየተባለ ለሚወራው ሁሉ ጥሩው መመዘኛም ያ ያልተወራለት ማድ ቤት ያሳለፈው ታሪክ ይመስለኛል።

ከጂኦግራፊው እንጀምር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር እንደተገነባ የሚነገርለት የጁገል ግንብ የሚያቅፈው መሬት 48 ሄክታር ያህል ነው። በውስጡ ቤት ከቤት ተጣብቆ፣ መስጊድና አዋች የሚባሉ የወሊዮች መቃብሮች ሰፍረውበት፣ አንዳንዱ መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እስከማያሳልፍ ጠቦ ቆይቷል። ለማገዶ የሚቆረጥ ዛፍ የሚበቅልበት ስፍራ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ የሐረር እሳት ሁልጊዜ ከውጭ የሚገባ ነገር ነበር፤ የሚገባውም በበሮቹ ነው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር፣ እያንዳንዳቸው ወደተለያየ አገር ይመለከታሉ። ኤረር በር ቁልቁል ወደ ኤረር ሸለቆ ያወጣል፤ ሸዋ በር በአወዳይና በሐረማያ በኩል ወደ ደጋው ያመራል። በየበሮቹ የኦሮሞ ሴቶች እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው፣ አህያ ጭነው ይገቡ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልቀረም። የሚገባው ዓይነት ደግሞ አንድ አልነበረም፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የማሽላ አገዳ፣ ኩበት፣ ከቆላው የመጣ የግራር ከሰል፣ የጫት እንጨት። ዝናብ የአንዱን መንገድ ሲዘጋው በሌላው በር ይመጣል፤ ከሰል ሲወደድ አገዳ ይነዳል፤ አገዳ ሲያልቅ እንጨት ይፈለጣል። የዚች ከተማ እሳት ለዘመናት ሳይጠፋ የኖረው ምድጃዋ ጥሩ ስለነበረ አይደለም፤ ሦስት ጉልቻ እጅግ አባካኝ ምድጃ ነው። እሳቱን ያቆየው የመግቢያው ብዛት ነው። ከዚህ በታች የምሟገትለት ነገር ይኸው ብቻ ነው፦ ለአንድ ቤት እሳት ወሳኙ የምድጃው ዓይነት ሳይሆን ማገዶው በስንት በር ይገባል የሚለው ነው።

ወዲያው የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ደግሞም ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። ይህ ሁሉ የመንገድ ብዛት የተገነባው በሴቶች ጀርባ ላይ ነው። የራሷን ክብደት የሚጠጋ እንጨት ተሸክማ ከሌሊት ጀምሮ ዳገት የወጣች ሴት በሸዋ በር ከገዢ ጋር ስትከራከር፣ ለእሷ ያ በር የነፃነት መግቢያ አልነበረም። የገዛችዋም ብትሆን ከጭሱ አልዳነችም፤ ማድ ቤቱ ለብቻው ስለሆነ የዳነው ሳሎኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 (እ.ኤ.አ.) 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ገምቷል፤ ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚከፍሉት እንደኛ ባለው አገር ያሉ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ «ድሮ ማገዶው ሞልቶ ነበር» የሚል ትዝታ ከተሸካሚዋም ከአብሳይዋም አንደበት አይወጣም፤ የሚወጣው ነደባ ላይ ከተቀመጠው ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ድካሙና ጭሱ መጥፎ መሆናቸው የመግቢያውን ብዛት መጥፎ አያደርገውም። ሁለቱ በታሪክ አብረው ስለመጡ አንድ ናቸው ብሎ መደምደም፣ ጭሱን ለማጥፋት ሲባል አራቱን በር ዘግቶ አንዱን ብቻ እስከ መክፈት ያደርሳል። ባለፉት መቶ ዓመታትም ደጋግሞ የሆነው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ነጭ ጋዝ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ሐረር ተራራዋ ላይ ቀረች፤ ባቡሩ ግን የሐረርን ገበያ ከወደብ ጋር አጣብቆታል። ከወደብ ከሚመጣው ሸቀጥ አንዱ ነጭ ጋዝ ነበር፤ መጀመሪያ ለፋኖስ፣ ቆይቶ ለምድጃ። በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት ባለክር የነጭ ጋዝ ምድጃ የከተሜ ቤት ምልክት ሆነ። ከእንጨት ጋር ሲወዳደር ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አንዲት ሴት ሻይ ለማፍላት ሙሉ ማድ ቤት በጭስ እንዳትሞላ አድርጓል። መንግሥትም ደን ይተርፋል ብሎ ዋጋውን ደጉሞ አቆየው። በ2001 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው ሲነሳ ግን የነጭ ጋዝ ዋጋ ተተኮሰ፤ የከተማ ቤቶች ወደ ከሰል ተመለሱ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ምድጃው አለመበላሸቱን ነው። ክሩም አለ፣ ታንኩም አለ፣ ነበልባሉም እንደ ድሮው ሰማያዊ መሆን ይችላል። የተዘጋው በሩ ነው፤ በሩ ደግሞ ከሐረር በጣም ርቆ፣ የሐረር ሰው ድምፅ በማይሰማበት ቦታ ነበር። እንጨት ሻጭ ዋጋ ስትጨምር ሌላዋን መጥራት ይቻላል፤ ማደያ ዋጋ ሲጨምር የሚጠራ ሌላ የለም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከሐረር በስተምሥራቅ፣ ከጅግጅጋ አልፎ ካለው ከቀብሪ በያህ የስደተኞች ጣቢያ ይመጣል። እዚያ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ጋይያ የሚባለው ማኅበር በኤታኖል የሚሠራ ምድጃ ለስደተኛ ቤተሰቦች አዳርሷል። የምድጃውን ጥቅም የሚጠራጠር የለም። ጭስ የለውም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሴቶች ለእንጨት ከጣቢያው ርቀው ሲወጡ ከሚገጥማቸው ጥቃትና ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ከሚነሳው ጠብ ያድናል። በዚህ ረገድ ከብዙ ምድጃዎች የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል። ኤታኖሉ ግን የሚገኘው ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ፣ በተለይም ወለጋ ካለው ከፊንጫ ነበር፤ ከአገሪቱ ምዕራብ ተነስቶ ምሥራቅ ጫፍ ድረስ በመኪና ይጓዛል። በ2001 ዓ.ም. ኤታኖልን ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀመር ያው ፈሳሽ ሌላ ፈላጊ አገኘ፤ ከመኪና ታንክና ከስደተኛ ድስት ማን እንደሚቀድም ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አቅርቦቱ ሲቆራረጥ ምድጃው ጥግ ይይዛል፤ ሴቶቹም ወደ ጫካው ይመለሳሉ። የሚገርመው፣ ስለ ምድጃ በሚጻፉ ዘገባዎች ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው የተከፋፈለው ምድጃ ነው፤ የነደደው ቀን አይቆጠርም።

አሁን ወደ እንክብል ማገዶው እንምጣ። ባሕር ማዶ ባሉ ቀዝቃዛ አገሮች፣ ብዙ የሐረሪ ቤተሰብ በሚኖርበት በካናዳና በተቀረው ሰሜን አሜሪካ ጭምር፣ ቤት የሚያሞቅ የእንክብል ምድጃ የታወቀ ዕቃ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ቀውስ ማግስት የተስፋፋ ነው፤ የእንጨት ፋብሪካ ሰጋቱራ ተጨምቆ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ዱላ መሳይ ፍሬ ይሆናል፣ በ15 ወይም በ18 ኪሎ ከረጢት ይሸጣል። ፍሬው ከማጠራቀሚያው በሚሽከረከር ጠመዝማዛ ብረት እየተገፋ ወደ ማንደጃው ጽዋ ይወድቃል፤ ነፋሻው አየር ይሰጠዋል። አንድ ኪሎው 5 ኪሎዋት ሰዓት ለመድረስ ጥቂት የቀረው ሙቀት ይሰጣል፤ ከተመሳሳይ እንጨት ጭስ ጋር የሚወዳደር ጭስም የለውም። ባለቤትነቱ ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። ማንደጃው ጽዋ በየጊዜው ካልተጠረገ ቀዳዳው ይደፈናል፤ አመዱ ካልተነሳ እሳቱ ቢጫና ሰነፍ ይሆናል፤ የበሩ ማሸጊያ ካረጀ አየር ሾልኮ ይገባል፤ የጭስ ማውጫው በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ መጽዳት አለበት። ፍሬው ራሱ ከ10 በመቶ ያነሰ እርጥበት ይፈልጋል፤ ውሃ ከነካው አብጦ ተመልሶ ሰጋቱራ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጠመዝማዛውም ነፋሻውም ይቆማሉ። ይህን ሁሉ የሚያስታምም ባለሙያ፣ መለዋወጫና ማገዶ ሻጭ በቅርብ ባለበት አገር ጥሩ ዕቃ ነው። በሐረር የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ቢኖርም በጋቢና በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የሚመከት ነውና ለማሞቂያ የሚገዛው የለም። ለኛ አገር የሚመጣው ዘመዱ ነው፤ ከላይ ተሞልቶ ከላይ የሚለኮስ፣ በትንሽ ባትሪ በሚሠራ ነፋሻ የሚነድ የማብሰያ ምድጃ።

ይህ የማብሰያ ዓይነት በሩዋንዳ ተሞክሯል። ኢንየንዬሪ የተባለ ኩባንያ ምድጃውን ለቤተሰቦች እያዋሰ ትርፉን ከእንክብሉ ሽያጭ ለማግኘት አሰበ፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ የተወራለት ሐሳብ ነበር፤ እሳቱም ከከሰል እሳት ጋር የማይገናኝ ንጹሕ ነበር። ኩባንያው ግን ገንዘቡ አልበቃውም፤ ተዘጋ። ሲዘጋ ምድጃው ብቻ ቀረ፤ የሚያጎርሰው አጣ። «ይህ የአንድ ኩባንያ የሒሳብ ስህተት ነው፣ በምድጃው አይፈረድም» የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው፤ በምድጃው አይፈረድም። የሚፈረደው ግን ብዙ ማድ ቤት በአንድ ድርጅት የባንክ ሒሳብ ላይ እንዲንጠለጠል ባደረገው አሠራር ላይ ነው። የነጭ ጋዙም፣ የኤታኖሉም፣ የእንክብሉም ታሪክ ሦስት የተለያየ ቴክኖሎጂ ሆኖ አንድ ዓይነት አሟሟት አለው።

በጣም ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ሐረር ከሩዋንዳ ትለያለች፤ የማገዶው ጥሬ ዕቃ እጇ ላይ ነው» ይባላል። እውነትም የሐረር ቡና የሚዘጋጀው ሳይታጠብ፣ ከነቆዳው ደርቆ ነው፤ ሲፈለፈል ገለባው ይከመራል። በየቀኑ የሚተርፈው የጫት ገረባም አለ፣ በየማሳው የሚቆመው የማሽላ አገዳ አለ። ይህን ጨምቆ እንክብል ማድረግ ከወለጋ ኤታኖል ከማስመጣት ጋር አይወዳደርም። ግማሹን እስማማለሁ። ሆኖም «ትርፍ» የሚለውን ነገር ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምሥራቅ ሐረርጌ ሁልጊዜ ያሞኘዋል። የቡናው ገለባ ሆጃ ሆኖ በወተት ይጠጣል፤ ቅጠሉ እንኳ ቁጢ ሆኖ ይፈላል። (ቡናን ፍሬውን ሸጦ ገለባውንና ቅጠሉን የሚጠጣ ሕዝብ ስለ ብክነት ስብከት አያስፈልገውም።) ገረባው የፍየል መኖ ነው፤ ከፍየል የተረፈው ደርቆ ይነዳል። የማሽላው አገዳ ለዝነኛው የሐረር ሰንጋ ይቀርባል፤ በሬ አስሮ የሚያደልብ ገበሬ አገዳውን ከሥጋ ዋጋ በታች አይሸጥም። ስለዚህ ጥሬ ዕቃው አለ፤ ግን ባለቤት አለው፣ ዋጋም አለው፤ ፋብሪካ ተከፍቶ መግዛት ሲጀምር ዋጋው እንደሚወጣ መጠበቅ ነው። ሌላም አለ። የገለባ አመድ ከእንጨት አመድ ይበዛል፤ በውስጡ ያለው ፖታሲየም በከፍተኛ ሙቀት ቀልጦ ማንደጃው ላይ እንደ ጠጠር ይጋገራል። ለንጹሕ ሰጋቱራ የተሠራ ምድጃ የቡና ገለባ ሲጎርስ የጽዳቱ ሥራ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ያ ጽዳት ደግሞ የማን ሥራ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

«እንግዲያው መብራቱ ይበቃል» የሚለውም ችላ የሚባል አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ የብዙ ከተሜ ቤት እንጀራ ይጋግራል፤ ጭስ የለውም፣ አመድ የለውም። ከተሟገትኩባቸው ሁሉ ይልቅ ለማሸነፍ የሚቀርበው እሱ ነው፤ በዚህ ላይ አልከራከርም። ነገር ግን አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጠዋት ሲለኩስ ትራንስፎርመሩ ይጮኻል፤ መብራት ሲሄድ ሊጡ ቡኮው ውስጥ ኮምጥጦ ይቀራል። ምጣድ ያላት ሴትም ጥግ ላይ ከሰል አታጣም፤ ይህንን ኋላ ቀርነት ነው የሚል አለ፤ እኔ ግን የድሮው የበር ብዛት ያስተማረው ጥበብ ነው እላለሁ። ሐረር ይህን ትምህርት በውሃም ከፍላ ተምራለች። ለአሥርት ዓመታት ውሃዋን ትቀዳ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነው፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ሲደርቅ ቧንቧው፣ መሥመሩና ታንከሩ ሁሉ እንዳለ ነበር።

«የድሮ በሮችህ የሚከፈቱት ወደ አንድ ዓይነት የተራቆተ ተራራ ነው» ብሎ የሚቃወመኝ ሰው ግን ይበልጥ ያስጨንቀኛል፤ ምክንያቱም እውነት አለው። ከአምስት በር የገባው እንጨትና ከሰል የተቆረጠው ከአንድ አካባቢ ነው። በ1962 ዓ.ም. ገደማ ለዝሆኖች የተከለለው የባቢሌ መጠለያ እንኳ በሰፈራና በከሰል ሥራ ተጎድቷል። የበር ብዛት የዛፍ ብዛት አይደለም። መልሴ፣ ማገዶውን የሚቆጥበው እንጂ አንዱን ማገዶ ብቻ የሚመርጠው ምድጃ እንደማይረዳን ነው። በ1980ዎቹ በአገራችን የተስፋፉትን ሁለት ምድጃዎች እንይ። ላቀች የከሰል ምድጃ ናት፤ ብረቷ ውስጥ የሸክላ ሽፋን አላት። ምርጥ ደግሞ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ምርጥ እንጨትም ይበላል፣ አገዳም፣ ኩበትም፣ ገረባም። የሚሠራው በየከተማው ባሉ ትንንሽ ማኅበራትና ባለሙያዎች ነው፤ ሲሰነጠቅ ያንን ክፍል ብቻ ለይቶ መቀየር ይቻላል። ጭሱን አላጠፋም፣ ቀነሰው እንጂ፤ በዚህ ነጭ ጋዝም ኤታኖልም ይበልጡታል። ሆኖም ሁለቱ ጥግ ይዘው ሲቀመጡ እሱ እየነደደ ነው። ነገሩ የቴክኖሎጂ ብልጫ አይደለም፤ ምርጥ ለማንም አቅራቢ አልተገዛም።

ስለዚህ የእንክብል ምድጃ ወደ ሐረር ይምጣ ከተባለ፣ እኔ ቀድሜ የምጠይቀው እንክብሉ ባለቀበት ሳምንት ምን ይጎርሳል የሚለውን ነው። የተቆራረጠ የጫት እንጨት ወይም የማሽላ አገዳ አልቀበልም የሚል ከሆነ ሌላ የነጭ ጋዝ ምድጃ ነው። የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ገለባውን የሚጨምቀው ማሽን የት ይተከላል የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። ያልተጨመቀ ገለባ ቀላል ሆኖ ቦታ ይይዛል፤ ርቆ ሲጓዝ የትራንስፖርቱ ዋጋ ይበልጠዋል፤ ስለዚህ መጨመቂያው ከቡና መፈልፈያው አጠገብ እንጂ ርቆ ሊሆን አይችልም። እንጨት ተሸክመው የሚኖሩት ሴቶች እዚያ ሠራተኛና ባለድርሻ ካልሆኑ፣ ምድጃው ከጀርባቸው ሸክሙን ሲያወርድ ከአፋቸው ጉርሱን አብሮ ይወስደዋል። ገዢውን በሚመለከት ሐረር ከብዙ ከተማ የተሻለ ነገር አላት፤ አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር። በሠርግና በለቅሶ ትልልቅ ድስት የሚጥዱት፣ ማገዶ በብዛት የሚፈጁት በአፎቻ የተሰባሰቡ ሴቶች ናቸው። ገለባው የሚከመረው ከቡና ለቀማ በኋላ ባሉት ወራት ነው፣ ማድ ቤቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ይፈልገዋል፤ በዚያ ወቅት በጋራ ገዝቶ ክረምቱ እንዳያርሰው በደረቅ ዕቃ ቤት የሚያስቀምጥ ያስፈልጋል። ይህን በአንድ ቤት ላይ ብቻ መጣል ከባድ ነው፤ ለአፎቻ ግን አዲስ ዓይነት ሥራ አይሆንም። «ሴቶች በአፎቻ የሚሰበሰቡት ለማኅበራዊ ጉዳይ ነው፣ ነጋዴ አታድርጓቸው» የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ለሠርግ ምን ያህል ማገዶ እንደሚገዛ፣ ከማንና በስንት እንደሚገዛ ሲወስኑ የኖሩት እነሱው ናቸው፤ ከምድጃ ፕሮጀክቶች ሁሉ በፊት የሐረርን የማገዶ ገበያ የሚያውቁትም።